«ስትጽፊ አላየሁሽም» የተባለ ቪዲዮ እንዴት ይታረማል?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፉ፣ ከዚያ እንዴት እንደጻፋችሁት የሚያሳይ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ሥሩ። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ስለሚሰፋው አባቴ ጻፍኩ። ቪዲዮውም ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የጦሳ ተራራ ጉም አለው፣ ቡና አለው፣ መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ እስክሪብቶ እየነከስኩ የማስብበት ቦታ አለው፣ ከሥር ክራር አለው። 7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ክፍል ውስጥ ሲታይ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ መምህራችን ወረቀቴን መለሰልኝ፤ ከታች አንድ መስመር ብቻ አለው፦ «ያምራል። ግን ስትጽፊ አላየሁሽም። አስተካክለሽ አምጪ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ሦስት ሌሊት እኮ ነው! ማታ ግን ሻዬን ይዤ እንደገና ከፈትኩት፣ ሰውየው ልክ ነው። እስክሪብቶ ስነክስ አለሁ። ጦሳን አሻግሬ ሳይ አለሁ። ቡና ሲቀዳ አለሁ። አንድ ቃል ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ተሳስቼ ስመለስ ግን የለሁም። ስለ መጻፍ የተሠራ ቪዲዮ ውስጥ መጻፍ የሚባል ነገር የለም።

ለማስተካከል አሥር ቀን ነበረኝ። ከዚህ በታች ያለው በእነዚያ አሥር ቀናት የሠራሁት ነው፣ የተበላሸብኝንም ጨምሬ። ስልክና አንድ የኤዲቲንግ አፕ ካላችሁ ይበቃል። እኔ የተጠቀምኩት ካፕካት ነው፤ ሌላውም ብዙ አይለይም።

1. ሦስት ጊዜ እዩት፣ ምንም ሳትነኩ

አስተያየት እንደመጣ ዘላችሁ መቁረጥ እንዳትጀምሩ። ቢያንስ ሁለት ቀን ተዉት። ትኩስ እያለ ስታዩት ልትሠሩ ያሰባችሁትን እንጂ የሠራችሁትን አታዩም።

ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና አንዴ ሳታቆሙ እስከ መጨረሻው እዩት። የሰለቻችሁበትን ደቂቃ ብቻ መዝግቡ፤ ለምን እንደሰለቻችሁ አሁን አትመራመሩ። ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ሦስተኛውን ስልኩን ደፍታችሁ ስሙት ብቻ።

የእኔን ድምፁን አጥፍቼ ሳየው የቡና ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ስሰማው ደግሞ ጉድ ነው፤ «በመጀመሪያ ሐሳብ አሰባስባለሁ፣ በመቀጠል ረቂቅ አዘጋጃለሁ፣ በመጨረሻም አርማለሁ» እያልኩ እንደ መማሪያ መጽሐፍ አነበንባለሁ። ውሸት ነው። እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎች እየጻፉ በአእምሯቸው የሚሄደውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው ያጠኑት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሉት፣ ማቀድ፣ መጻፍና ማረም ተራ ጠብቀው አይመጡም፣ አንዱ በሌላው መሃል እየገባ ይመላለሳል ነው። ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ዕቅዱን ይቀይራል። እኔም ዕቅዴን የቀየርኩት አባቴ ምሳ እየበላ ያወራውን ስሰማ ነው፣ እጄ ላይ ጎመን እንዳለ። ይህ ቪዲዮው ውስጥ የለም።

2. አስተያየቱን ለዩት

የመጣላችሁን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ገልብጡና ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ፣ ስለ ቴክኒኩ። እኔ 11 አስተያየት ነበረኝ፤ 9ኙ ቴክኒክ ነው። «ድምፁ ትንሽ ያስተጋባል»፣ «ጽሑፉ ቶሎ ጠፋ»፣ «ፊልተሩን ከየት አመጣሽው?» (ይሄኛው አስተያየት መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ።) ስለ ሐሳቡ የመጣው የመምህሩ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ከባዱም እሱ ነው። እሱን ሳትመልሱ ሌላውን ብታሳምሩ የተቀደደ ኪስ ላይ አዲስ ቁልፍ እንደመስፋት ነው።

ቀላሉን ለመሥራት መሮጥ የሁላችንም ጠባይ ነው፣ ብዙ አትፈሩ። ናንሲ ሶመርስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመችው ጥናት አለ። 20 ተማሪዎችንና 20 ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች የጻፉትን እንዲያርሙ አድርጋ አየቻቸው። ተማሪዎቹ በብዛት ቃል ነው የቀየሩት። ልምድ ያላቸው ግን መጀመሪያ የሐሳባቸውን ቅርጽ ነው ያፈረሱት። ቪዲዮ ላይ ቃል ከመቀየር ጋር የሚመጣጠነው ፊልተር መቀየር፣ ሽግግር መጨመር፣ ዘፈን መለወጥ ነው። እነዚህን እስከ ስምንተኛው ቀን አትንኳቸው።

የቤት ሥራውን መመሪያም እንደገና አንብቡ። እኔ «ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ» የሚለውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

3. በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል?

ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ «ይህ ቪዲዮ ስለ እኔ አጻጻፍ የሚናገረው…» ከዚያ ጨርሱት። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ «መጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል» ነበር። ይሄ ስለ ዓሣ ማጥመድም ይባላል። ማንም ሊለው የሚችለውን ጣሉት። እናንተ ላይ ብቻ የደረሰውን ፈልጉ። ከአራት ሙከራ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ «እኔ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የማገኘው መጨረሻ ላይ ነው።» አሁን ማሳየት የሚቻል ነገር ሆነ። የተሳሳቱ መጀመሪያዎች አሉኝ ማለት ነው፤ እነሱን ማግኘት ብቻ ነው የቀረኝ።

4. ማስረጃ ፍለጋ

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው፣ መውሰድም አለበት። ጽሑፋችሁ ሲለወጥ የሚያሳይ ነገር ከሌላችሁ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ረቂቆቻችሁ የት እንዳሉ አስቡ። ደብተር ጀርባ ላይ። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የላካችሁት መልእክት ውስጥ። የስልክ ማስታወሻ ላይ። ጎግል ዶክስ ላይ ከጻፋችሁ ትልቅ ዕድል ነው፤ በኮምፒውተር ስትከፍቱት የቀድሞ ቅጂዎችን ታሪክ ያሳያችኋል፣ የትኛውን ቀን ምን እንደሰረዛችሁ በቀለም ይለይላችኋል። ያንን በስክሪን ሪከርደር ቅረጹት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለ ወርድ ጽፋችሁ በአንድ ስም ብቻ እየደራረባችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ግን አሮጌው ሄዷል።

እኔ ደብተሬን አገላብጬ ያገኘሁት የጽሑፌ መጀመሪያ በሦስት ቀን የነበረውን መልክ ነው፦

«ልብስ ስፌት በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ያለ ሙያ ነው።»

«አባቴ ላለፉት 31 ዓመታት ልብስ በመስፋት ቤተሰቡን አስተዳድሯል።»

«አባቴ አሁን አሁን መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እኔን ይጠራኛል።»

ሦስቱን አንድ ላይ ስደረድራቸው ደነገጥኩ። ቪዲዮዬ እዚህ ነበር እንዴ? የመጀመሪያው የፈተና መልስ ነው። ሁለተኛው የጡረታ መሸኛ ንግግር ነው። ሦስተኛው ላይ አባቴ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ደግሞ ያቺ ምሳ አለች፤ «ዓይኔ ከዳኝ፣ ክሩን አንቺ ካላስገባሽልኝ ሥራ ልፈታ ነው» ብሎ የሳቀባት። ቪዲዮው ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው እንዴት እንደደረስኩ ማሳየት ነው ያለበት። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

እናንተም እንደዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ወይም አንድ አንቀጽ ምረጡና ከመጀመሪያ መልኩ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሙሉ ጽሑፉን ለማሳየት አትሞክሩ። በ5 ደቂቃ አይቻልም።

ረቂቃችሁን ከጣላችሁትስ? አዲስ ረቂቅ ጽፋችሁ፣ ወረቀቱን ጨማዳችሁ፣ ሻይ አፍስሳችሁበት «የድሮ» እንዳታደርጉት። አንድ የማውቀው ልጅ ይህን አድርጓል፤ ቀኑን ግን በዚያው ሳምንት በገዛው እስክሪብቶ ጻፈው። ይልቅ ካላለቀው ክፍል አንድ አንቀጽ ምረጡና እንደ አዲስ ስትጽፉት ቅረጹ፣ የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትረሱታላችሁ። የቀደመውን ትዝታ በትወና የምታሳዩ ከሆነም «በኋላ የተቀረጸ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ጥግ ላይ አድርጉ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

5. በመቀስ ቁረጡት፣ በእውነተኛ መቀስ

ያላችሁን ክሊፕ ሁሉ በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፉ። በአንድ ቁራጭ አንድ ክሊፕ። አራት ነገር ይኑረው፦ ምን ይታያል፣ ምን ይሰማል፣ ስንት ሰከንድ ነው፣ ስለ አጻጻፌ ምን ያረጋግጣል። አራተኛው ባዶ ከሆነ ክሊፑ ይወጣል። ድርድር የለም።

እኔ ቁራጮቼን የደረደርኩት አባቴ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። 34 ነበሩ። 19ኙ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ቡናው ወጣ። ጉሙ ወጣ፣ ልቤ ቢያዝንም፤ ያን ጉም ለመቅረጽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ በብርድ ተንቀጥቅጫለሁ። ግን ድካማችሁ ለተመልካቹ አይታየውም። አባቴ የቁራጮቹን ክምር አይቶ «ይሄ ሁሉ ብጣሽ ነው?» አለኝ። አዎ።

የቀሩትን ቦታ እያለዋወጣችሁ አስቀምጧቸው። በጊዜ ቅደም ተከተል መሄድ ግዴታ አይደለም። እኔ የተሰረዘውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ፊት አመጣሁት፣ ቪዲዮው በስህተት እንዲጀምር። በመጨረሻ የደረስኩበትን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንሱት። እኔ አላነሳሁም ነበር። አክስቴ በሩን ከፈተችው፣ ነፋስ ገባ፣ ግማሹን ከወለል ለቀምኩ።

6. የትረካውን ጽሑፍ እንደገና ጻፉ

የአማርኛ ትረካ ከምስል ጋር ሲሄድ አንድ የራሱ ችግር አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የእኔን አንዱን እዩት፦

«ለሦስት ቀናት ያህል ደጋግሜ ጽፌ ለአባቴ ያነበብኩለትን የጽሑፌን የመጀመሪያ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት።»

ወረቀት ላይ ምንም አይልም። ቪዲዮ ላይ ግን ተመልካቹ እጄ ሲሰርዝ አይቶ ጨርሶ፣ ቀጣዩ ምስል መጥቶ፣ እኔ ገና «ሙሉ በሙሉ» ላይ ነኝ። ዓይንና ጆሮ ተለያዩ። መፍትሔው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር በየግሱ መሰባበር ነው፦

«ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ሰረዝኩት።»

ሦስት ግስ፣ ሦስት ምስል። ስትቆርጡም ምስሉን ግሱ ላይ ቀይሩት። ይቺን አንዷን ብቻ ብታደርጉ ቪዲዮው በግማሽ ይሻሻላል፤ ጉራ አይደለም፣ ሞክሩት።

ሁለተኛው ነገር ልኩ ነው። ለእንግሊዝኛ ትረካ በደቂቃ 150 ቃል የሚባለውን አትመኑ፣ የእኛ ቃል ረጅም ነው፤ «አላስገባችልኝም» በእንግሊዝኛ ስንት ቃል ይወጣው ነበር? ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ በሚመቻችሁ ፍጥነት አንብቡና ቁጠሩ። እኔ 95 አካባቢ ነው የወጣልኝ። ከ5 ደቂቃው 3ቱን ብቻ ላውራ ብል 285 ቃል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ ከ600 በላይ ነበር፣ ለዚህ ነው እንደሚያሳድዱት ሰው የምሮጠው።

«ማሳየት እፈልጋለሁ»፣ «እንደምትመለከቱት»፣ «በዚህ ቪዲዮ ላይ» የሚሉትን በሙሉ አውጡ። እያየን ነው።

7. የጎደለውን እንደገና ቅረጹ

ወረቀት ላይ ከሠራችሁ የጎደለው ትንሽ ነው። እኔ የጎደለኝ አምስት ክሊፕ ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ እጅና ወረቀት።

የመጀመሪያውን ማታ በኤሌክትሪክ መብራት ቀረጽኩ፣ አማረልኝ ብዬ ተኛሁ። በነጋታው ኮምቦልቻ ሰርግ ለሚቀርጸው የአክስቴ ልጅ ላሳየው ወረድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን የሃረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጃኬት ይወልቃል። ስልኬን ተቀብሎ ገና ሦስት ሰከንድ ሳያይ «መብራቱ ለምን ይርገበገባል?» አለኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። እውነትም ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሞገድ ወደ ላይ ይሄዳል።

«አብሽሪ፣ ሁሉም ሰው ይሠራታል» ብሎ አስረዳኝ። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይፈዛል። ስልካችን ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚቀርጸው። ሁለቱ አይገጣጠሙም፣ ሞገዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስልካችሁ «ፕሮ» የሚል የካሜራ ክፍል ካለው ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ከተቻለ ፍሬሙንም 25። ከሌለው በቀን መስኮት ዳር ቅረጹ፤ አለቀ። ደሴ ላይ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ብርሃን ለወረቀት ግሩም ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ከሆነ ስስ ነጠላ መስኮቱ ላይ ጣል አድርጉ።

ከላይ ወደ ታች ለመቅረጽ መቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት የመጽሐፍ ክምር ሥሩ፣ አንድ ጠንካራ ማስመሪያ በላያቸው አጋድሙ፣ ስልኩን በላስቲክ እሰሩበት፣ ሌንሱ ከማስመሪያው ወጣ ይበል። በቀኝ እጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ አለበለዚያ የእጃችሁ ጥላ የምትጽፉትን ቃል ይሸፍነዋል። ስክሪኑን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙና ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ እጃችሁ በገባ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። በእርሳስ አትጻፉ፣ አይታይም። ስልኩን ኤርፕሌን ላይ አድርጉ። እኔ «መርፌ» የሚለውን ቃል ስጽፍ አክስቴ ደወለች።

የሌላ ሰው እጅ ወይም ፊት ከገባ አስፈቅዱ፣ አባታችሁም ቢሆን። አባቴ «እጄን ብቻ ከሆነ» ብሎ ነው የፈቀደው። እጁ በቃኝ።

8. ድምፅ

ጋቢ ውስጥ ግቡ። ቀልድ አይደለም። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፣ ወፍራም ጨርቅ ይውጠዋል። ጋቢና ብርድ ልብስ ከላይ ደርባችሁ፣ ስልኩን ከአፋችሁ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላችሁ ያዙት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» ስትሉ ትንፋሹ ይመታዋል።

ሰዓቱን ምረጡ። ቀን ባጃጅ አለ፣ ወደ ንጋት አዛንና ቅዳሴ አለ፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ የቆርቆሮ ዝናብን ማንም አፕ አያወጣውም። እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው የቀዳሁት። ውሻ ሲጮህ መጠበቅ ነው። ስትሳሳቱ ቅጂውን አታቁሙ፤ ትንፋሽ ውሰዱና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት፣ በኋላ ትቆርጡታላችሁ። ስትጨርሱ ምንም ሳትናገሩ 10 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ቅዱ። በንግግሮች መሃል ያለውን ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው፤ ካልሞላችሁት ድምፁ ብልጭ ድርግም የሚል ይመስላል።

9. አሁን አፑን ክፈቱ

የድሮውን ፕሮጀክት ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። ወይም እንደ እኔ ከባዶ ጀምሩ፣ ይፈጥናል። መጀመሪያ ትረካውን ብቻ ዘርጉ። ከዚያ በወረቀቱ ቅደም ተከተል ምስሉን አልብሱት። ሽግግር የሚባለውን ኮከብና ሽክርክሪት ሁሉ እርሱት፤ ቀጥታ ቆረጣ ይበቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰረዝ የሚታይበት ምስል ግን አታጣድፉት፤ ተመልካቹ መጀመሪያ ማንበብ አለበት፣ ከዚያ ነው ስርዙን የሚያየው።

ስክሪን ላይ የምትጽፉት ፊደል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዳንድ ፎንት አማርኛ ይደግፋል ተብሎ ቧ፣ ኳ፣ ሿ ላይ ሲደርስ አራት ማዕዘን ሳጥን ያስቀምጣል። የእኔ መፈተኛ «ቧንቧ ውሃ» ነው፤ የሰፈር ስም ጽፎ ማየት ነው፣ ካለፈ ያልፋል። ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ነጻ ናቸው፣ ለዚህ አያሳፍሩም። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው መጠን ከፍ አድርጉት፣ ከሁለት መስመር አታስበልጡ፣ ራሳችሁ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ስክሪን ላይ ይቆይ።

ሙዚቃ? የእኔ ምክር ተዉት ነው። ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ማለት ይከብዳል፤ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የእዚሁ አካባቢ ቦታ ስም ነው። ችግሩም እሱ ነው። ትዝታ ቅኝት ከሥር ከገባ ተመልካቹ እናንተ ያልጻፋችሁትን ኀዘን ራሱ ይሞላዋል። የመጀመሪያው ቪዲዮዬ ላይ የተጨበጨበው ለክራሩ ነበር። አዲሱ ላይ ያለው የሲንጀር ስፌት መኪናዋ ድምፅና የእስክሪብቶ መፋቅ ብቻ ነው። የግድ ከፈለጋችሁ የሚጫወት ጓደኛ ፈልጉና ራሳችሁ ቅዱ፤ የሰው ዘፈን ሳያስፈቅዱ ማስገባት ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑትም ጣጣ ያመጣል።

10. ለሁለት ሰው አሳዩ

አንዱ ጽሑፋችሁን ያነበበ፣ ሌላው ምንም የማያውቅ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አሪፍ ነው» ነው የሚሏችሁ፣ እኛ ሰው ማስቀየም አንወድም። እንዲህ ጠይቁ፦ «ምን ሠርቼ ነው ጽሑፉን የቀየርኩት? ንገረኝ።» መናገር ከቻለ ተሳክቷል። «ብዙ ለፍተሻል» ካለ አልተሳካም።

የእኔ ሁለተኛ ሰው አባቴ ነበር። ዝም ብሎ አየና መጨረሻ ላይ «እኔ ግራኝ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ከአምስቱ አንዱን ክሊፕ በፊት ካሜራ ነው የቀረጽኩት፤ ስልኬ ደግሞ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። መርፌው በግራ እጁ ሆኗል። እኔና ጓደኛዬ ስድስት ጊዜ አይተን አላየነውም። አፑ ላይ «ሚረር» የሚለውን መንካት ነው መፍትሔው፤ ከኋላ የተሰቀለው የሳምሰንግ ቲቪ ማስታወቂያም ፊደሉ አብሮ ተቃና።

11. ኤክስፖርትና ማስረከብ

1080ፒ፣ ስትቀርጹ በተጠቀማችሁበት ፍሬም፤ 25 ከሆነ 25። ጥራቱ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አካባቢ ከሆነ አንድ ደቂቃው 60 ሜጋባይት ይሆናል፣ 5 ደቂቃው 300። ስልኩ ላይ የዚህን እጥፍ ባዶ ቦታ ይኑራችሁ፣ ባትሪው ይሙላ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁ ይጨምቀዋል፣ የእጅ ጽሑፋችሁ ይደበዝዛል፣ ለዚያ ስትሉ ነው ይህን ሁሉ የለፋችሁት። በፍላሽ የምትሰጡ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት።

ከቪዲዮው ጋር አንድ ገጽ ጨምሩ፣ ባትጠየቁም። ምን እንዳወጣችሁ፣ ምን እንዳስገባችሁ፣ ለምን። እኔ ሦስት ለውጥ ጻፍኩ፤ ቡናውና ጉሙ ወጣ፣ ሦስቱ መጀመሪያዎች ገቡ፣ ትረካው ከግማሽ በታች ሆነ። ከዚያ ያልተቀበልኩትን አስተያየትም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አባቴ ክሩን አቀብሎኝ እኔ መርፌው ውስጥ ሳስገባ 6 ሰከንድ ምንም ድምፅ የለም። ጓደኛዬ ስልኳ የተበላሸ መስሏት ድምፅ ጨምራለች። እንዳለ ተውኩት።